ሁለት ጡረተኞችና አንድ አሮጌ ኮሮላ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጢያና አዳዲ ማርያም በመኪና ደርሶ መልስ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ባለቤቴና እኔ ጡረታ ከወጣን ወዲህ በዚህ መንገድ ደጋግመን ሄደናል። የዕድሜ እኩዮቻችን በማኅበርም በለቅሶ ቤትም የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የትኛው መንገድ ነው? ምን ያህል ይርቃል?

የቡታጅራ መንገድ ነው። ከጀሞ ወይም ከለቡ ተነስታችሁ ዓለም ገና ስትደርሱ የጅማውን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ መሳሳት አይቻልም።

መጀመሪያ የምታገኙት መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽን የምትሻገሩት እዚያ ነው። ጥቂት አለፍ ሲሉ በስተቀኝ ወደ አዳዲ ማርያም የሚገነጠል መንገድ አለ፤ እሱ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ያስገባል። ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ደግሞ ጢያ ትደርሳላችሁ። ጢያ ከከተማ በ80 እና በ90 ኪሎ ሜትር መካከል ነው። በወሬ ሲሰማ ቅርብ ይመስላል። ከጀሞ እስከ ዓለም ገና ያለው የሲኖትራክና የባጃጅ ግርግር ግን አንዳንድ ቀን ብቻውን የመንገዱን ግማሽ ያህል ጊዜ ይበላል።

እነዚህ የጥንት ቤተ መቅደሶች ናቸው?

ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጢያ የመቃብር ቦታ ነው፤ ትክል ድንጋዮች የቆሙበት። አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች፣ ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ቤተ መቅደስም መቃብርም አይደለም። የሰው ዘር በአዋሽ ዳር የኖረበትና የድንጋይ መሣሪያ የሠራበት ቦታ ነው።

የጥንት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ በትክክለኛ ትርጉሙ የምትፈልጉ ከሆነ ያ የሓ ነው። ትግራይ ውስጥ፣ ከአድዋ አጠገብ። ከክርስትና በፊት የተሠራና ለአልማቃህ የተባለ አምላክ የቆመ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ አለ። ግን እሱ በመኪና ደርሶ መልስ የሚሞከር አይደለም። ለዛሬው ጉዞ «ጥንታዊ ቦታ» እንበለውና እንለፍ።

በአንድ ቀን ሦስቱንም ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ወጣቶች ያደርጉታል፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም ሦስቱን ባንድ ቀን ነው የሚሸጡት። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱን አየን። ማታ ቤት ስንገባ ባለቤቴ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ የቱ ድንጋይ የት እንዳየነው መለየት አቅቶን ተከራከርን።

ስለዚህ የኔ ምክር ሁለት ነው። አንድ፦ በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል። ጢያና አዳዲ አብረው ይሄዳሉ፤ መልካ ቁንጡሬን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ቅርብ ስለሆነ የትም አይሄድም። ሁለት፦ ከሩቁ ጀምሩ። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያገኘውን እያየ ይሄድና ጢያ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ጢያ ሜዳ ነው፤ ጥላ የለውም። ጠዋት በብርድ ድንጋዮቹን አይታችሁ፣ ስትመለሱ ወደ አዳዲ ብትታጠፉ ቀትሩን ከአለት ስር ታሳልፉታላችሁ። እሷ ደግሞ በቀትርም ቀዝቃዛ ናት።

ስንት ሰዓት እንነሳ? ስንት ሰዓት እንመለስ?

12 ሰዓት ተኩል ጠዋት ከቤት ውጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የምትወጡ ከሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ቡና ብትጠጡ ይሻላል፤ ዓለም ገና ላይ የምታጡት ሰዓት ቀኑን ያሳጥረዋል። ለመመለሻ የምለው አንድ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ብትሆኑ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ አዙሩ።

ምክንያቱ ዓይን ነው። ቀን ላይ ደህና የሚያይ ሰው ከስልሳ በኋላ ማታ ላይ ሌላ ሰው ነው። ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን አያወርድም፤ ከብት ይገባል፤ ጋሪ መብራት የለውም። ባለቤቴ የዓይን ሞራ ከመገፈፉ በፊት ይህን አያምንም ነበር። አንድ ምሽት አህያ ነው ያለው የተጫነ ጋሪ ሆኖ ሲገኝ አመነ።

በትንሽ መኪና፣ ለምሳሌ በቪትዝ ይኬዳል?

እስከ ጢያ ድረስ አዎ፤ አስፋልት ነው። ጢያ ለመድረስ ባለ ፎር ዊል መኪና አያስፈልግም። የአዳዲው መገንጠያ ነው የሚፈትነው፤ ድንጋያማና አቧራማ ነው። በበጋ የኛ ኮሮላ እየተንፏቀቀች ትገባለች። ሁለተኛ ማርሽ፣ ትዕግሥት፣ መስኮት ዝግ።

በክረምት ግን አትሞክሩት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጭቃ ቪትዝ ይውጣል። እኔ የምወደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው ወይም እየታጨደ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው።

መኪናው ላይ ምን እንይ?

ጎማ፣ ፍሬን፣ የራዲያተር ውሃ፣ የሞተር ዘይት። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚረሳው ስኮርታ ጎማውን ነው።

እኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከጉዞው በፊት መኪናዋን ሰርቪስ አስደርገን ነበር። «ሁሉ ነገር ኦኬ ነው» ተባልን፤ ከፈልን። የአዳዲው መንገድ ላይ የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውን ስናወጣው ጭራሽ ነፋስ የለውም፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይገባል። ክሪኩ ደግሞ የለም። ለጎረቤት አውሰነው ነበር ለካ። በጋሪ የሚያልፉ ልጆች ጎማውን ጭነው ወደ አስፋልቱ ወሰዱት፤ ጎሚስታ አስጠግነው መለሱት። እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ያህል ዛፍ ስር ተቀመጥን። ልጆቹ ገንዘብ አንቀበልም ብለው ባለቤቴ በግድ ነው ኪሳቸው ያስገባው። ጋራዡ ስንደውልለት «ስኮርታውን ንፉ አላላችሁንም» አለ።

ስለዚህ ስኮርታውን ራሳችሁ ተጫኑት። ክሪክና የጎማ ቁልፍ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ነዳጅ ከዋዜማው ሙሉ፤ በጉዞው ጠዋት ሰልፍ ላይ መቆም የለም። ክፍያው በሞባይል ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ገንዘብ መኖሩንም አትርሱ። መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ቀናቸው አለማለፉን አረጋግጡ።

ጉልበቴ ያመኛል። እችለዋለሁ?

ጢያን በደንብ። መኪናው ቅርብ ድረስ ይገባል፤ ቅጥሩ ውስጥ ሣር ላይ ነው የሚኬደው። ዱላ ያዙ፤ ሣሩ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ አለ።

አዳዲ ላይ መውረድ አለ። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አለቱ ተቆፍሮ ዙሪያዋን ለቋታል፤ ጣሪያዋ ከላይ ከቆማችሁበት መሬት ጋር እኩል ነው። ከሩቅ ስትመጡ ምንም አይታይም። ወደ ታች የሚወስደው መውረጃ ዳሩ ሻካራ ነው። ውስጧ ጨለማ ነው፤ ከውጭ ብርሃን የገባ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ምንም አያይም። ጫማ ስለሚወለቅ ደግሞ ወለሉን በእግራችሁ ነው የምታውቁት። እኔ የባለቤቴን ትከሻ ይዤ ነው የምወርደው። እሱ ደግሞ እኔን እንደሚደግፍ ነው የሚያወራው፤ እውነቱ ሁለታችንም እንደጋገፋለን።

የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ የመኪና ኪስ ውስጥ አይተወው። ከፍታው ከአዲስ አበባ አይበልጥም፤ ትንፋሽ በዚያ አይቸገርም።

መግቢያ ስንት ነው? አስጎብኚ ያስፈልጋል?

እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ክፍያ አለው። ለኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው። ዋጋው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። ዝርዝር ብር ያዙ፤ መልስ የለም የሚለውን ቃል ትሰማላችሁ። አዳዲ ላይ ከመግቢያው ሌላ ለቤተ ክርስቲያኗ መባ መስጠት ደግ ነው።

አስጎብኚ ጢያ ላይ ውሰዱ። ያለ እሱ ድንጋይ ነው የምታዩት።

ምን እንብላ? መጸዳጃስ?

ስንቅ ያዙ። እኔ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የጾም ካልሆነ ትንሽ ጭኮ፣ በቴርሞስ ሻይ እይዛለሁ። ውሃ ደግሞ ከምታስቡት በላይ። በየከተማው ሻይ ቤት አለ፤ ምሳ የሚሆን ጥብስም ሽሮም ታገኛላችሁ።

አሁን ስለ ክትፎው። ከጢያ አልፋችሁ ብትቀጥሉ ቡታጅራ ነው፤ ጉራጌ አገር ደርሶ ክትፎ ሳይበሉ መመለስ ለባለቤቴ ኃጢአት ነው። አንድ ጊዜ አሸነፈኝ። ክትፎው፣ አይቡ፣ ቆጮው፣ ጎመኑ፤ እውነት ለመናገር ምንም አይወጣለትም። መመለሻው ላይ ግን መሪ የያዘው ሰው ዓይኑ ተስለመለመ። አንድ ቦታ አቁመን አርባ ደቂቃ አስተኛሁት። ክትፎውን የምትፈልጉ ከሆነ አዳዲን ሰርዙ፤ ሁለቱ ባንድ ቀን አይሆኑም።

መጸዳጃ፦ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ከዚያም ምሳ ወይም ሻይ የምትጠጡበት ቤት። ሶፍትና የእጅ ማጽጃ ይዛችሁ ሂዱ። ዳይሪቲክ የሚባለውን፣ ሽንት የሚያበዛውን የደም ግፊት ክኒን የምትወስዱ፣ የጉዞ ቀን ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ «አቁምልኝ» ማለት አይመችም።

አዳዲ ማርያም ሄደን ተዘግታ ብናገኝስ?

ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። የሙዚየም በር አይደለም፤ ቁልፉ አባ ጋ ነው፤ አባ ደግሞ ማሳ፣ ለቅሶ ወይም ክርስትና ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ ይላክና ይጠራሉ። ያን ጊዜ መቻኮል የለም። ዛፍ ስር ቁጭ በሉ፤ ስንቁን አውጡ።

ሌላው የቅዳሴ ሰዓት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ነው፤ የሚወጣው ወደ 9 ሰዓት ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ቀትር ላይ ከደረሳችሁ ጎብኚ ሆናችሁ አትገቡም። በእንዲህ ዓይነት ቀን ያልኳችሁን ገልብጡት፤ ጠዋት አዳዲ፣ ከዚያ ጢያ። እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት ብትመጡ ጥሩ ነው። ወር በገባ በ21 ማርያም ናት፤ ለመሳለም የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ለመሳለም ከሆነ ሂዱ፤ ግድግዳውን ለማየት ከሆነ ሌላ ቀን።

ነጠላ ያዙ፤ ሴቶች ቀሚስ። እኔ አንድ ጊዜ ሱሪ አድርጌ ሄጄ መኪና ውስጥ ያለውን የወንበር ጨርቅ አገልድሜ ገባሁ። አንዲት እናት አይተው ሳቁና የራሳቸውን ነጠላ ደረቡልኝ።

አዳዲን የሠራት ላሊበላ ነው ይባላል። እውነት ነው?

የአገሩ ትውፊት እንዲያ ይላል፤ ንጉሥ ላሊበላ ዝቋላን ሊሳለም በመጣ ጊዜ አሳነጻት ይባላል። አሠራሯም ይመሰክራል፤ በዚያው በላሊበላ ዓይነት ከአለት ተፈልፍላ የወጣች ናት። በደቡብ በኩል ከዚህ ርቆ እንዲህ ዓይነት ሥራ አይታወቅም። ከላስታ ይህን ያህል ርቆ ያንኑ ጥበብ ማየት ለኔ ከማንኛውም ወግ ይበልጣል።

ላሊበላ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ታዝናላችሁ ወይም ትደነቃላችሁ፤ በጠባያችሁ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው እዚህ ያንን ጥራት አያገኝም። አዳዲ ሻካራ ናት፤ አነስ ያለች፤ የመዶሻው ጥርብ በእጅ ይዳሰሳል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተዘግታ ለረጅም ዘመን ተረስታ እንደነበርና በምኒልክ ዘመን እንደገና እንደተከፈተች ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስዊዘርላንድ እርዳታ ጥገና ተደርጎላታል።

ባለቤቴ ሕንፃ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። እዚያ ሲደርስ የሚያየው ሥዕሉን አይደለም፤ ጣሪያውን ነው። «እኛ ከታች ወደ ላይ እንሠራለን፤ እነዚህ ከላይ ወደ ታች። አንድ ጊዜ ከተሳሳትክ መመለሻ የለም» ይላል። በሄድን ቁጥር ይላታል።

የጢያ ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ናቸው?

የአካባቢው ሰው እንዲያ ይላቸዋል፤ ግን አይደሉም። የግራኝ ጦርነት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከድንጋዮቹ ስር በተቆፈረው መቃብር ላይ የተደረገው ጥናት የሚያመለክተው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን ጊዜ ነው። ግራኝ ከመወለዱ በፊት ቆመው ነበር ማለት ነው። በአገራችን ማን እንደሠራው የጠፋ ነገር ሲገኝ ወይ ለግራኝ ወይ ለመላእክት መስጠት የተለመደ ነው።

ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዩኔስኮ መዝገብ 36 ድንጋዮች ተቆጥረዋል፤ ከነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሊያረጋግጥ ተነሳ። በመጀመሪያ 34 አገኘ። እንደገና ዞረ፤ 37። የተሰበረውን አንዱን ሁለት አድርጎ ቆጥሮት ነበር። አስጎብኚው ልጅ ታግሦ ጠበቀውና «ጋሼ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለው። እኔን ደግሞ «እማማ፣ ጥላ ስር ይቀመጡ» አለኝ። ጥላ ግን የለም። እማማ ስባል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድንጋዩ ሁሉ ከኔ ጋር እኩያ መሰለኝ።

በድንጋዩ ላይ ያሉት ምልክቶች ምን ማለት ናቸው?

ግልጽ የሆነው ሰይፉ ነው። ስለቱም እጀታውም ይታያል፤ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሆኖ ተደርድሯል። ክብ ቅርጾች አሉ። ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ የሚመስል አለ፤ አንዳንዱ እንሰት ነው ይላል፤ አገሩ የእንሰት አገር ስለሆነ ልብ ይቀበለዋል። አስጎብኚዎች የሰይፉ ብዛት ተቀባሪው የገደለው ሰው ብዛት ነው ይሏችኋል። ሌላው ደግሞ ማዕረጉ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ትርጉም ሰምተናል።

እንደኔ እንደኔ ትርጉሙን ትታችሁ ጣት አድርጉበት ልል ነበር፤ ግን መንካት አይፈቀድም። ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት። ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስትመጣ ቅርጹ ጥላ ይጥላል። ያኔ ሰይፉ ከድንጋዩ ብድግ ያለ ይመስላል። ቀትር ላይ ግን ይጠፋል፤ ፎቶውም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከሩቁ ጀምሩ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

መልካ ቁንጡሬ ለኛ ዓይነት ሰው ይጥማል? ድንጋይ ብቻ አይደለም ወይ?

ድንጋይ ነው፤ ግን ታሪኩ ይዞ ያስቀራል። ቦታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራር ዴከር በተባለ የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለአሥርት ዓመታት ቆፈረ፤ በኋላም ጣሊያኖች ቀጠሉ። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው እዚህ እንደኖረ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2024 የባልጩት ድንጋይ ከሚገኝበት ከአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር ሆኖ የዓለም ቅርስ ተብሏል፤ ለአገራችን 12ኛው ነው።

እኔን የያዘኝ የእግር ዱካው ነው። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው ጭቃ ውስጥ የአዋቂና የሕፃናት ዱካ ተገኝቷል። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ አጠገባቸው ይንደፋደፉ ነበር ማለት ነው። የልጅ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ለማሰብ አስጎብኚ አያስፈልገውም። ዕቃዎቹ የሚታዩት በጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው። ቁፋሮው ጋ ለመድረስ ትንሽ መራመድ አለ። ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ምሳ ቤታችሁ መብላት ትችላላችሁ።

ከከተማ ሳንርቅ የሚታይ ፍርስራሽ አለ?

አለ፤ የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው ፈርሷል፤ ፍርስራሽ የሚለው ቃል የሚገባው እሱ ነው። ትውፊቱ ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጠዋል፤ አጥኚዎች ግን በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያደርጉታል። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ አቀበቱ ግን ትንሽ አይደለም። ጉልበት ለሚያመው ከጢያ ይልቅ ይህ ይከብዳል። ብቻችሁንም አትውጡ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ልጆቻችን «ዘመኑ ጥሩ አይደለም፣ አትሂዱ» ይሉናል። ምን እናድርግ?

ልጆቹ ግማሽ እውነት አላቸው። መንገድ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሄደውን ሰው አትጠይቁ፤ በዚያው ሳምንት የተመላለሰውን ሹፌር ጠይቁ። የቡታጅራ መኪኖች የሚነሱበት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሁለት ሹፌር ብታናግሩ ከዜና ይበልጥ ትረዳላችሁ። ሁለቱም «ሰላም ነው» ካሉ እንሄዳለን። አንዱ ካመነታ እንተወዋለን። ሁለት ጊዜ ትተናል፤ አልተቆጨንም።

ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው፤ ከኛ ዕድሜ ጋር የተያያዘ። ለዚያ መላው ቀላል ነው። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ልጅ ብቻ ንገሩ፤ ለሁሉም ከነገራችሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው የምታነሱት። ስትደርሱ አንድ መልእክት፣ ስትነሱ አንድ መልእክት። የኛ ትልቋ ልጅ አሁን ራሷ «በዚህ ወር አትወጡም?» ትላለች።

ከባልጪት አንዲት የባልጩት ስባሪ ለማስታወሻ መውሰድ ይቻላል?

አይቻልም። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ነው። መሬቱ ላይ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ በየቦታው ተበትኗል። አንዱ ባይኖር ማን ያውቃል ይባላል። ግን ከነዚያ ስባሪዎች ብዙዎቹ ተፈጥሮ የሰበራቸው አይደሉም፤ ሰው ጠርቦ የጣላቸው ናቸው። መሣሪያ ሲሠራ የረገፈው ፍቅፋቂ ራሱ ቅርስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ አስተዳዳሪውም ኪስ የመፈተሽ ልማድ ባይኖረው እንኳ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ባልጩት ስለቱ ምላጭ ነው፤ በደቡብ ያሉ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠሩበት ነበር።

ባለቤቴ አንዲት ቅንጣት ኪሱ ከትቶ ነበር፤ ለእኔም አልነገረኝም። መኪናው ጋ ስንደርስ ሱሪው ላይ ደም አየሁ። ጭኑን ጫር አድርጋው ነበር። ሳይከራከር ወጥቶ ያነሳበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት። ሱሪውን ዛሬም ይለብሰዋል፤ ኪሱን ግን ያን ቀን ስለቀደደችው የታክሲ ሳንቲም አይቆይበትም።